ሜዳ ላይ የቆመው አይሱዙና ዘመናዊው ሙቅ ሻወር

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

የአቶ ሽኩር አይሱዙ ሜዳ ላይ ቆሟል።

የጓሳ እንግዳ ማረፊያ አስተዳደር ኮሚቴ 14ኛ አስቸኳይ ስብሰባ
ቦታ፦ የማረፊያው ሳሎን፣ ምድጃው አጠገብ
ሰዓት፦ ለ4፡00 ተጠርቶ 5፡10 ተጀመረ

የተገኙ
1. አቶ መርስዔ ኃዘን፣ ሰብሳቢ
2. መምሬ ኪዳነ ወልድ፣ አባል፣ የአጥቢያው ካህን
3. አቶ ገሠሠ፣ አባል፣ የጓሳ ጠባቂዎች ተወካይ
4. ወ/ሮ ዘነበች፣ አባል፣ የማረፊያው ኃላፊ፣ ምግብ አብሳይ፣ ጽዳትና ውኃ ቀጂ
5. መምህር ተክለጻድቅ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ
1. አቶ አፈወርቅ፣ በሞት ምክንያት። ስለ መሞታቸው ግን ለኮሚቴው በጽሑፍ የቀረበ ነገር ስለሌለ አባልነታቸው እንደጸና ነው።
2. የወረዳው ተወካይ፣ በስብሰባ ምክንያት።

በጥሪ የተገኙ
አቶ ሽኩር፣ ነጋዴ፣ የመኪናው ባለቤትና ሾፌር። አቶ ሽኩር «እኔ ካርቶን ላደርስ ነው የቆምሁት፣ ማንም አልጠራኝም» ብለዋል። ተመዝግቧል።

ከሰባት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የስብሰባው ምክንያት

ሰብሳቢው እንደገለጹት ነገ ዓርብ ስድስት ፈረንጆች ቀይ ቀበሮ ለማየት ይመጣሉ። ከስድስቱ አንዷ ስለ ማረፊያ ቤቶች የምትጽፍ ናት። ባለፈው ጥቅምት ከኮሚቴው በወጣ ደብዳቤ፣ ማረፊያው «ዘመናዊ ሙቅ ሻወር በማንኛውም ሰዓት» እንዳለው ተነግሯቸዋል። ማረፊያው ሻወር የለውም። ቧንቧም የለውም።

መምሬ ኪዳነ ወልድ ደብዳቤውን ማን እንዳረቀቀው ጠይቀው፣ ጸሐፊው እሱ መሆኑን አምኗል። ለምን እንዲህ እንደጻፈ ሲጠየቅ፣ የዓረፍተ ነገሩ አወራረድ ደስ ብሎት እንደሆነ መልሷል። ስህተቱንም ለማረም፣ አዲስ አበባ ቱሪስት ለሚያመላልስ የትምህርት ቤት ጓደኛው ጽፎ፣ ከመኪና ባትሪ ጋር ተያይዞ የሚሠራ የካምፕ ሻወር እንዳስላከ አስረድቷል። ዕቃው ያገለገለ ነው። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ነው።

አቶ ሽኩር ካርቶኑን ትናንት ወደ ራቤል ሲወጡ ከመሐል ሜዳ ይዘውት መጥተው እንደነበርና «ሁሉም ስብሰባ ናቸው» ተብለው ካርቶኑን እንደያዙ እንዳለፉ ተናግረዋል። አሁን ራቤል የገዟቸውን አሥራ ስምንት ሙክቶች ጭነው ወደ ሸዋ ሮቢት እየወረዱ ነው። ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የልጃቸው የሲሀም ኒካህ ነው። በጎቹ ለድግሱ ናቸው። «በጉ እንኳ ቢቀር ሌላ በግ ይገኛል» ብለዋል፤ «አባት ሳይቀመጥ ግን ኒካህ አይታሰርም። እኔ ዛሬ መውረድ አለብኝ።»

ኮሚቴው እንኳን ደስ ያለዎ ብሏል። ሰብሳቢው መኪናው ለአንድ ሰዓት ብቻ እንደሚፈለግ ቃል ገብተዋል።

አጀንዳ 1፦ ዕቃውን ስለ ማወቅ

ካርቶኑ ተከፍቶ፣ አንድ ባልዲ፣ ባልዲው ውስጥ የሚገባ ማሞቂያ ብረት፣ የጡጫ ያህል ፖምፕ፣ ጫፉ ወንፊት የመሰለ ቱቦ እና ሁለት መቆንጠጫ ያለው የሦስት ሜትር ሽቦ ተገኝቷል። አቶ ገሠሠ ዕቃው የንብ ማጨሻ ሊሆን ይችላል ብለው ጥርጣሬያቸውን አቅርበዋል።

ወ/ሮ ዘነበች እጃቸውን አውጥተው፣ «እሳት አለ፣ ድስት አለ፣ ታቹን የበሳሁት ጣሳ አለ። ውኃውን አሙቄ ከላይ አፈስላቸዋለሁ። ባለፈው ለመጡትም እንደዚያው ነው ያደረግሁት፣ ሰውየው ሲዘፍን ነበር» ብለዋል። ሰብሳቢው ሐሳቡን አመስግነው፣ ጣሳ «ዘመናዊ» ከሚለው ቃል ጋር እንደማይሄድ አስረድተዋል። ወ/ሮ ዘነበች ቃሉን የጻፈው ሰው ውኃ ቀድቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። ጥያቄው ታልፏል።

የእንግሊዝኛውን መመሪያ ጸሐፊው እያነበበ ተርጉሟል። መመሪያው አራት ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ በደማቁ የተጻፈ፣ ለጸሐፊው በቅጡ ያልገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ጸሐፊው «የተለመደ ማስጠንቀቂያ ነው» ብሎ ወደ አራተኛው ገጽ አልፏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዕቃው ሻወር መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ኃይል ስለሚገኝበት

አቶ ሽኩር መኪናቸው ሁለት ባትሪ እንዳለው፣ ዕቃው ግን ለአንድ ባትሪ የተሠራ እንደሆነ፣ ሁለቱን ካያያዙበት እንደሚቃጠል ተናግረዋል። አቶ ገሠሠ በሁለቱ ቢሆን በግማሽ ሰዓት ይፈላል የሚል ሐሳብ አቅርበው፣ በአራት ተቃውሞ ወድቋል።

በመቀጠል መኪናው የት ይቁም የሚለው ታይቷል። መኪናው በወቅቱ የቆመው እንደ ሁልጊዜው ከማረፊያው ፊት ለፊት ባለው ቁልቁለት ላይ፣ ጎማው ሥር ታኮ ድንጋይ ገብቶለት ነው። መምሬ ኪዳነ ወልድ፣ ያ ቁልቁለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚወስደው መንገድ ፊት ለፊት መሆኑን አስታውሰዋል። «ሽቦው ሦስት ሜትር ነው። መኪናው ያለበት ቦታ ፈረንጁም አለ ማለት ነው። ነገ ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ ራቁቱን የቆመ ፈረንጅ ሊሳለም ነው?» ብለዋል። ከማረፊያው ጀርባ ያለው ሜዳ በሣር አጥር የተከለለ ስለሆነ መኪናው ወደዚያ እንዲዛወር ሐሳብ ቀረበ።

አቶ ሽኩር ተቃውመዋል። «ጋሼ መርስዔ፣ እኔ በዚህ አገር ብርድ መኪና ሜዳ ላይ አቁሜ አላውቅም። ባትሪዎቼ ያረጁ ናቸው። አልነሳም ካለኝ ታኮውን አነሣለሁ፣ በቁልቁለቱ ይንደረደራል፣ ይነሣል። ሜዳ ላይ እምቢ ካለኝ ማን ይገፋልኛል? እናንተ?»

ሰብሳቢው የመኪና አቋቋም በዚህ አጀንዳ ስላልተያዘ፣ በአጀንዳ 5 «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ሥር እንዲታይ አሳስበዋል። አቶ ሽኩር አጀንዳ 5 ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደረስ ጠይቀዋል። እንደ ውይይቱ ስፋት እንደሚወሰን ተነግሯቸዋል።

አቶ ሽኩር፣ እንግዲያውስ ሞተሩ ሳይጠፋ ይሞክሩት ብለው ጠይቀዋል። አቶ ገሠሠ ይህንን አጥብቀው ተቃውመዋል። በጓሳ መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ሞተር አስነስቶ መቆየት ክልክል ነው። «ፈረንጆቹ የሚመጡት ቀበሮ ለማየት ነው። ቀበሮው ሰው ለምዷል፤ በግም ለምዷል። አይሱዙ ግን ሲያጓራ ከሰማ እስከ ሰኞ አይታይም።»

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መኪናው ወደ ሜዳው እንዲዛወር፣ ሞተሩ እንዲጠፋ እና ከአንዱ ባትሪ ብቻ እንዲያያዝ በአራት ድጋፍ ተወስኗል። ወ/ሮ ዘነበች ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ባልዲውን ለመሙላት ወንዝ ሊወርዱ መሆኑን ተናግረው ወጥተዋል።

አጀንዳ 3፦ ሙከራ

ማሞቂያው 6፡15 ላይ ተያያዘ። ጸሐፊው በየግማሽ ሰዓቱ ጣቱን እየነከረ እንዲመዘግብ ተመደበ።

6፡45፣ ቀዝቃዛ።
7፡15፣ ቀዝቃዛ።
7፡45፣ ቀዝቃዛ፣ ነገር ግን ተስፋ ሰጪ። (ይህ አገላለጽ በሰብሳቢው ትእዛዝ የገባ ነው።)

በዚህ መካከል ሰብሳቢው የአዲሱን ሚሌኒየም ዕድልና ፈተና በተመለከተ ለአንድ ሰዓት ከሩብ አብራርተዋል። አቶ ሽኩር ለሶላት ሁለት ጊዜ ወጥተው ተመልሰዋል። በሁለቱም ጊዜ ውኃውን ነክተዋል። በሁለተኛው ጊዜ ቁልፋቸውን እየጨበጡ ሲለቁ ታይተዋል።

9፡45 ላይ ወ/ሮ ዘነበች ክርናቸውን ነክረው «ለብ ብሏል፤ ለጡት ልጅ እንኳ አይሆንም» ብለዋል። ሰብሳቢው ለብ ማለት የሙቀት አንድ ደረጃ መሆኑን አስገንዝበው፣ ሙከራው በሰው ላይ እንዲደረግ አዝዘዋል።

የሚታጠበውን ሰው ለመምረጥ ውይይት ተደርጓል። መምሬ ኪዳነ ወልድ ጸበል ያልሆነ ውኃ በዚህ ብርድ ገላቸውን ነክቶት እንደማያውቅ ገልጸው ራሳቸውን አግልለዋል። አቶ ገሠሠ መጨረሻ የታጠቡት ለሠርጋቸው መሆኑንና ያለ ማስታወቂያ ታጥበው ቢገቡ ሚስታቸው ነገር እንደምትጠረጥር አስረድተዋል። ምክንያታቸው በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ሰብሳቢው ሥራውን የሚገመግመው አካል በሥራው ላይ መሳተፍ እንደሌለበት አሳስበዋል። አቶ ሽኩር «እኔን እንዳትነኩኝ» ብለዋል።

ጸሐፊው በሙሉ ድምፅ ተመርጧል። የራሱም ድምፅ ተቆጥሯል፤ እጁን ያወጣው ግን አስተያየት ለመስጠት ነበር።

9፡55 ላይ ጸሐፊው ከሣሩ አጥር ውስጥ ገብቶ ልብሱን አውልቋል። ራሱን ሳሙና እንዲቀባ ታዝዞ ቀብቷል። ውኃው አቡነ ዘበሰማያት ግማሹ እስኪደገም ያህል ወረደ። ከዚያ ቀጠነ። ከዚያ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ፖምፑ አንዴ አቃስቶ ዝም አለ። አቶ ገሠሠ ከአጥሩ ውጭ ሆነው «መምህር፣ ሞቀህ?» ሲሉ ጠይቀዋል። የጸሐፊው መልስ ለቃለ ጉባኤ የሚመች አይደለም።

አቶ ሽኩር ሮጠው መኪናቸው ውስጥ ገብተው ቁልፉን አዞሩ። መኪናው «ትክ» አለ። ደግመው አዞሩ። ሁለተኛ ጊዜ «ትክ» እንኳ አላለም።

ከጭነቱ ላይ በጎቹ ጮኹ።

አጀንዳ 4፦ ግለ ሂስ

አባላት ወደ ሳሎን ተመልሰዋል። ጸሐፊው ራሱ ላይ ሳሙናው እንደደረቀ፣ የወ/ሮ ዘነበችን ባና ተከናንቦ ሥራውን ቀጥሏል።

ሰብሳቢው እያንዳንዱ አባል ድክመቱን በግልጽ እንዲያወጣ ጠይቀው፣ ከራሳቸው ጀምረዋል። ድክመታቸው አባላትን ከመጠን በላይ ማመናቸው መሆኑን ተናግረዋል። መምሬ ኪዳነ ወልድ ድክመታቸውን ለንስሐ አባታቸው እንደሚናገሩ ገልጸዋል። አቶ ገሠሠ ድክመት አልታያቸውም።

ጸሐፊው ተነሥቶ የሚከተለውን ተናግሯል። ከሻወሩ እንደወጣ መዝገበ ቃላት አውጥቶ የሦስተኛውን ገጽ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ፈትቶታል። ዓረፍተ ነገሩ «ሞተሩ እየሠራ ካልሆነ ማሞቂያውን አታያይዙ፣ ባትሪውን ይጨርሳል» የሚል ነው። ጠዋት ዘሎት ያለፈው እንዳልገባው በሰው ፊት መናገር አፍሮ ነው።

አቶ ሽኩር ወደ ጸሐፊው ዞረዋል።

«መምህር፣ ልጆች ታስተምራለህ አይደል?»

ጸሐፊው አዎን ብሏል።

«ምን?»

«እንግሊዝኛ።»

ተመዝግቧል።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ ጉዳዮች

10፡30 ላይ ሰብሳቢው፣ አቶ ሽኩር ስለ መኪናው አቋቋም ያነሡት ነጥብ ተራው ስለደረሰ እንዲያብራሩ ዕድል ሰጥተዋቸዋል። አቶ ሽኩር ዕድሉን አልተጠቀሙበትም።

መኪናውን ከሜዳው ወደ ቁልቁለቱ ለመግፋት ተወስኖ ሁሉም አባላት ወጥተዋል። ርቀቱ ሁለት መቶ እርምጃ ይሆናል። ተገፋ፤ አልነቃነቅም አለ። አቶ ሽኩር ጭነቱ መራገፍ እንዳለበት ተናገሩ። አቶ ገሠሠ አስቆሟቸው። ጓሳው ለግጦሽ ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ እስኪከፈት ድረስ የማንም ከብት አይግጥበትም። የራሳቸው የአቶ ገሠሠ በጎች እንኳ ባለፈው ወር ተይዘው ተቀጥተዋል። ያስያዟቸውም ራሳቸው አቶ ገሠሠ ናቸው።

በቦታው ላይ በተደረገ አጭር ውይይት፣ በጎቹ እንዲወርዱ፣ ሣር ግን እንዳይነኩ ተወስኖ፣ አፈጻጸሙን አቶ ገሠሠ እንዲከታተሉ ኃላፊነት ተሰጥቷቸዋል። ከአሥራ ስምንቱ በጎች ሰባቱ ውሳኔውን ወዲያው ጥሰዋል። የቀሩት አሥራ አንዱ ትንሽ ቆይተው ጥሰዋል።

ባዶው መኪና ሲገፋ አንድ ክንድ ያህል ሄዶ የኋላ ጎማው ለስላሳ መሬት ውስጥ ተቀመጠ። አቶ ሽኩር መሬት ላይ ተቀመጡ። «እሷ አሁን ሂና እየተቀባች ነው» አሉ። «ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። 'አባባስ?' ትላለች። 'መንገድ ላይ ነው' ይሏታል።» ለማን እንደተናገሩት ስላልታወቀ በአጀንዳ አልተያዘም።

ወ/ሮ ዘነበች፣ አራት ጥማድ በሬ ቢገኝ መኪናውን እስከ ቁልቁለቱ ሊጎትተው እንደሚችል፣ ሁለቱ ጥማድ ታች መንደር ወንድማቸው ቤት እንዳለ፣ ሁለቱን ከጎረቤት እንደሚለምኑ ተናገሩ። «ብቻዬን ግን አራት ጥማድ አልነዳም። ገመድ የሚሸከምም ያስፈልጋል። አንድ ሰው ይከተለኝ» አሉ። ሰብሳቢው ሐሳቡ ጠቃሚ ስለሆነ በጽሑፍ እንዲቀርብ ጠየቁ። ወ/ሮ ዘነበች መጻፍ እንደማይችሉ፣ መሄድ ግን እንደሚችሉ ተናግረው ነጠላቸውን አጥብቀው ወጥተዋል። የተከተላቸው የለም፤ አባላት ለማጠቃለያ ወደ ሳሎን እየተመለሱ ነበር።

ማጠቃለያ ውሳኔ

ሰብሳቢው፣ የዛሬው ውሳኔዎች በዚህ መልክ ወደ ወረዳ ቢሄዱ ለግምገማ እንደሚዳርጉ አሳስበዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወስኗል።

ሀ. በአጀንዳ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 የተወሰኑት በሙሉ ተሽረዋል።

ለ. ዕቃው ሻወር አይደለም።

ሐ. እንግዶቹ በጣሳ ይታጠባሉ። ጣሳው ዘመናዊ ነው።

መ. መኪናው ወደ ሜዳ እንዲዛወር የተሰጠው ውሳኔ ስለተሻረ፣ መኪናው ከጠዋቱ ጀምሮ ቁልቁለቱ ላይ እንዳለ ይቆጠራል።

አቶ ሽኩር በበር ብቅ ብለው «ባትሪው ሰምቷል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ሰብሳቢው የአቶ ሽኩር ችግር እንደሚገባቸው ተናግረው፣ ኮሚቴው ሊረዳቸው ዝግጁ መሆኑን አረጋግጠዋል። በመሆኑም፣ አቶ ሽኩር በልማት ሥራ ላይ የቆዩ ስለሆነ ኒካሁ እሳቸው እንደተገኙ ተቆጥሮ እንዲፈጸም «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ሐሳብ አቅርበዋል። መምሬ ኪዳነ ወልድ፣ በተራ ፊደል ሀ መሠረት የተሠራ ሥራ ስለሌለ ሰውየው በምን ሥራ ላይ ቆዩ ይባላል ብለው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ማኅተም ካለበት ማንም እንደማይጠይቅ መልሰዋል።

አቶ ሽኩር «ጋሼ መርስዔ፣ ኒካህ በማኅተም አይታሰርም» ብለዋል። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ ወጥተው በጎቻቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል። አቶ ገሠሠ ሣሩ የተጋጠበትን ቦታ በእርምጃ እየለኩ ነው።

ማኅተሙ ያለው በሰብሳቢው ቤት፣ ከሰንዱቃቸው ውስጥ ነው። ጸሐፊው ሄዶ እንዲያመጣና ደብዳቤውን አርቅቆ እንዲያትም ታዝዟል። ሰብሳቢው ጸሐፊው ጥሩ ዓረፍተ ነገር የመጻፍ ችሎታ ስላለው ደብዳቤው እንዲያምር አደራ ብለዋል።

ስብሰባው 11፡25 ላይ ተዘግቷል። ቀጣዩ ስብሰባ የሚጠራው ይህኛው አለመደረጉ ከተረጋገጠ በኋላ ይሆናል።

ይህንን የመጨረሻ መስመር የምጽፈው ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በራፉ ላይ ነው። የሳሎኑ ጥግ ላይ የድንኳን ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አንሥቼዋለሁ። የጋሼ መርስዔ ቤት ሽቅብ ነው። ወ/ሮ ዘነበች የሄዱት ቁልቁል ነው፣ ነጠላቸው ከሩቅ ገና ይታያል። ሳሙናው ራሴን እያሳከከኝ ነው። ደብተሩን እዚህ ትቼዋለሁ። ቁልቁል ወረድሁ።